ሴት፣ ለቅሶ፣ ቁጥር ሁለት

«ይቺ ልጅ ከሆዷ ነው የምታለቅሰው፤ ከጉሮሮዋ አይደለም» አለ ዳይሬክተሩ፣ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ጆሮ ጠጋ ብሎ።

ሹክሹክታ የሚሉት ነገር ደግሞ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ቤት ከጩኸት ይብሳል። ጩጬ ሰማችው። ገና እንባዋን ሳትጠርግ፣ ገና አክስቷ አንገቷን ሳትለቅላት ሰማችው። መጀመሪያ ያዘነላት መሰላት። ቀና ብላ ስታየው ግን ሰውየው የሚያየው እሷን ሳይሆን የገዛ ጉልበቱን ነው። ጉልበቱ ላይ ስልኩ ተንጋሏል። ስልኩ ላይ አንዲት ቀይ መስመር አለች። አክስቷ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ስትጮህ መስመሯ ትዘላለች፤ አክስቷ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም ስትል መስመሯም ጋደም ትላለች።

ጩጬ ያቺን መስመር አሳምራ ታውቃታለች። የሚዲያ ሥራ ፍለጋ ሦስት ዓመት ስትንከራተት በየደረሰችበት ፈተና አይታታለች። ድምፅ ሲቀዳ የምትታይ መስመር ናት። ሰውየው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ለቅሶውን እየቀዳ ነው!

ኤጭ! አሁን ይኼ ሰው ይባላል?

እህቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የሳሎኑ ሶፋ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ቤቱ በኪራይ ወንበር ተሞልቷል። ሴቱም ወንዱም ጥቁር በጥቁር ሆኖ ከቴርሞስ የተቀዳ ሻይ ይዞ ይተክዛል። ይተክዛል ማለት እንኳን ማጋነን ነው። ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል፤ ግማሹ ስለ ድራማው ያወራል። «እንግዲህ ለባለጓንቷ ማን ሊናገርላት ነው?» ይባባላሉ። አንዷ ደግሞ የሟቿ ፎቶ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ፣ ከንፈሯን በመስታወት አስተካክላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከፎቶው ጋር ራሷን አነሳች። ፎቶው ሳያምርባት ቀረና ደግማ አነሳች።

ባለጓንቷ ከውጭ አገር የመጣ ተከታታይ ድራማ ላይ ያለች ክፉ ሴትዮ ናት። ቀይ ጓንት ከእጇ አይለይም፤ የሰው ትዳር ታፈርሳለች፣ መርዝ ትበጠብጣለች። ፊቷ የባዕድ ነው። በእኛ ቋንቋ የምትናገረው፣ የምትስቀው፣ የምትራገመው ግን የጩጬ እህት ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት ገብታ እንዲያ ስትራገም ኖራለች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ባለች ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ ዞር ብሎ ያያት ነበር። አንዴ አንዲት አሮጊት «አንቺ ምቀኛ!» ብለው በጃንጥላ ጎሸም አድርገዋት፣ እየሳቀች ቤት ገብታለች።

ጩጬ የቤት ስም ነው። ሃያ አራት ዓመት ሞልቷት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ከእህቷ በአንድ ራስ በልጣ ቆማም ጩጬ ከመባል አልዳነችም። ስሙን ያወጣችላት ራሷ እህቷ ናት። በአሥራ አራት ዓመት ስለምትበልጣት ጩጬም «እትዬ» ነው የምትላት። አሁን እትዬ የለችም። ኩላሊቷ ከድቷት፣ አራት ቀን ሆስፒታል ተኝታ፣ በአምስተኛው ቀን ጠዋት አረፈች።

ዳይሬክተሩ ደግሞ ያንን ድራማ በእኛ ቋንቋ የሚያስነግረው ሰው ነው። ድምፅ ተዋንያኑን እሱ ይመርጣል፤ «ድገሚው፣ አጥብቂው፣ አሁን አልቅሺ» የሚለው እሱ ነው። አብሮት የመጣው ቀጭን ሰው ድምፅ ቀጂው ነው፤ ሽቦ ይሉታል፣ ለሥራውም ለሰውነቱም እንዲስማማ። ዳይሬክተሩ ገና ከበር ሲገባ የተሻለው ወንበር ተለቀቀለት፣ ሻዩም ለእሱ ቀድሞ ተቀዳ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ።

ጩጬ ከአክስቷ እቅፍ ወጥታ ወደ ኩሽና ሄደች። ብርጭቆ አጥባ ልትመለስ ነበር፤ ሰውየው ግን ተከትሏት መጣ።

«አይቼዎታለሁ» አለችው ፊቷን ሳታዞር። «ሲቀዱኝ ነበር።»

ያፍራል ብላ ነበር። አላፈረም።

«አትቀየሚኝ የኔ እመቤት። ሥራ ልማድ ይሆናል። ዓሣ አጥማጅ ወንዝ ዳር ለቀብር ቢሄድ ዓይኑ ውሃው ላይ አይቀርም ብለሽ ነው?» ካለ በኋላ ጠጋ አላት። ሽቶው ከሻይ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዋን ሞላው። «እንዲህ ዓይነት ለቅሶ እኮ ተፈልጎ አይገኝም። ተዋናይ ስታለቅስ ትወናዋ ይሰማል። ያንቺ ግን… ደግሞ ድምፅሽ! ዓይኔን ስጨፍን እሷ ናት። ቁርጥ እሷን!»

«ያጥፉት።»

«አጠፋዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ስሚኝ። ለባለጓንቷ የቀሯት አሥራ አንድ ክፍል ናቸው። ሌላ ድምፅ ባስገባ ተመልካቹ ቆዳዬን ይገፈኛል። አንቺ ግቢልኝ። ድራማው ሲያልቅ ደግሞ በዚያው ቋሚ ትሆኛለሽ። ማስታወቂያ አለ፣ የሕፃናት ፊልም አለ፣ ትረካ አለ። ስንት ዓመት ነው ሥራ ስትፈልጊ የቆየሽው? ሦስት? ይኸው በሩ ተከፈተ።»

እዚህ ላይ የሆነውን ነገር ጩጬ ለማንም አልተናገረችም። ደስ አላት። እህቷን ከቀበረች ሦስት ቀን ያልሞላት ልጅ፣ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ፣ ልቧ ዘለለ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ ከማይክ ፊት ቆማ፣ ስሟ በድራማው መጨረሻ ሲያልፍ ታያት። ለአንድ አፍታ ነው። ከዚያ እጇን ከአረፋው አውጥታ መታጠቢያው ላይ ደገፍ አለች። ሰውየውን ይበልጥ ትጸየፈው ወይስ ራሷን፣ ለይታ አላወቀችውም።

«አስቢበት» ብሏት ወጣ። ሲወጣ ከትሪው ላይ አንድ ብስኩት አነሳ።

ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። ሬዲዮ ጣቢያ ስትሄድ «ድምፅሽ ለዜና ይከብዳል» አሏት። ቴሌቪዥን ጣቢያ ስትሄድ «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ፊትሽ ግን ካሜራ ላይ ይደክማል» አሏት። ማስታወቂያ ድርጅት ለሁለት ወር «ልምምድ» ብለው ወስደዋት የአለቃቸውን ምሳ ስታመላልስ ከረመች። አንድ መጽሔት የጻፈችውን ተቀብሎ በአዘጋጁ ስም አወጣው። ማታ እየመጣች ለእትዬ ስታለቅስ፣ እትዬ አንድ ነገር ትል ነበር፤ «ሌላም መንገድ አለ እኮ።»

ሌላ መንገድ ሲባል ደግሞ እትዬ እንዲሁ አፍ ለማዘጋት የምትለው አልነበረም። ወረቀት አውጥታ፣ እንደ አስተማሪ እያሰመረች ትዘረዝርላት ነበር። ፊልም ቅንብር አለ። የጽሑፍ ትርጉም አለ። ግራፊክስ አለ። የካሜራ ሥራ አለ፤ ትከሻ አለሽ፣ ካሜራ ያምርብሻል። አንዴም ራሷ ይዛት ሄዳ የቅንብር ትምህርት ቤት አስመዘገበቻት። ድምፅ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጩጬ «እናንተ ስቱዲዮስ?» ባለች ቁጥር የእትዬ ፊት ይዘጋ ነበር።

«እዛ ቤት አትገቢም።»

«ለምን?»

«አትገቢማ! በቃ።»

የመጨረሻውን ጊዜ ጩጬ መቼም አትረሳውም። እትዬ ሆስፒታል ከመግባቷ ሁለት ሳምንት በፊት ነበር። ሳህን እያደራረቁ ነበር። ጩጬ ሰምታለች፤ ስቱዲዮው አዲስ የሴት ድምፅ ይፈልጋል፣ ማስታወቂያውም በር ላይ ተለጥፏል። እትዬ ግን አልነገረቻትም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አመለጣት።

«ስለምትቀኚብኝ ነው! ያንቺው ድምፅ ስላለኝ ትቀኛለሽ። ሁለት ባለጓንት እንዳይኖር!»

እትዬ ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተነጋገሩት ስለ ጨው፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ውሃ መጣ አልመጣ ብቻ ነው። ሆስፒታል ስትገባም አፏ ላይ ቱቦ ነበረ። በድምፅ የኖረች ሴት ያለ ድምፅ ሞተች፤ ጩጬም ያችን ቃል ሳትመልሳት ቀረች። ከሞቱ ይልቅ ሌሊት የሚቀሰቅሳት ይኸው ነበር።

በአራተኛው ቀን የመጡት ጎረቤቶች የድሮ ወሬ አነሱ። አንዷ ሴትዮ፣ ሻይዋ ውስጥ ሦስተኛ ስኳር እየጨመረች፣ «ነፍሷን ይማረውና እናታቸው የሞቱ ጊዜ እኮ እንባ ጠብ አላላትም!» አለች። ሌላዋም፣ «ቴሌቪዥን ላይ ስታለቅስ ግን ሆድ ታባባለች፤ እኔ እንኳ ለዚያች እርኩስ ሴትዮ አልቅሻለሁ» አለች። ባለስኳሯ ቀበል አደረገቻት፤ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ለገዛ እናቷ ነው የገደማት!»

ጩጬ ትሪ ይዛ ቆማ ሰማቻቸው። ልትቆጣ ፈልጋ ተወችው፤ እሷም ያኔ እንዲሁ ነበር ያሰበችው። ከአራት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሳሎን፣ እሷ መሬት ላይ ስትንከባለል እትዬ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ነጭ እስኪሆን ገጥማ። ዳይሬክተሩና የስቱዲዮ ሰዎች ሲገቡ ደግሞ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ እነሱ እስኪወጡም አልተመለሰችም። ጩጬ ተከትላት ስትገባ ግድግዳ ላይ ፊቷን አስደግፋ ቆማ አገኘቻት። «ሰው ምን ይለናል? እናታችን እኮ ናት!» ብትላት፣ እትዬ ዞር ብላ «አንቺም ዝም በይ፤ እነሱ ፊት ዝም በይ» አለቻት። ጩጬ ያኔ ጠላቻት። ታዋቂነት ልቧን አደረቀው ብላ ነው ያሰበችው።

አምስተኛው ቀን ላይ አክስቷ የእትዬን መኝታ ቤት ከፈተች። ልብሶቿ ቁምሳጥን ውስጥ እንደተሰቀሉ ነበሩ፤ ለሚለብስ ሰው ይሰጡ ተብሎ መታጠፍ ነበረባቸው። አክስቷ ጥርስ የማታስከድን፣ ሐዘን ላይም ቀልድ የማያመልጣት ሴት ናት። «ይችን ካፖርት እኔ እወስዳታለሁ፤ ትከሻዬ ባይገባ አንድ እጄን አስገብቼ እሄዳለሁ» ስትል ጩጬ በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ በሩ ተንኳኳ፤ ግቡ ሳይባል ዳይሬክተሩ ገባ።

«እንዴ! ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ደንግጦ።

«ልብሷን እያወጣን ነዋ» አለች አክስቷ።

«ተዪ! ኧረ ተዪ፣ ትንሽ ይቆይ!»

ድምፁ ተንቀጥቅጧል። ለአንድ አፍታ ጩጬ አዘነችለት፤ ለካስ ይኼም ሰው ልብ አለው ብላ። እሱ ግን አልፏት ሄዶ ራሱን በተሰቀሉት ልብሶች መሀል አስገባና አንዴ አጨበጨበ። ጧ! ጆሮውን ቀስሮ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ሰማሽ? ምንም አይመልስም! ሱፉ፣ ሹራቡ፣ ካፖርቱ፣ ሁሉም ድምፅ ይመጥጣል። ከስቱዲዮው አይተናነስም። ስሚ፣ የመጀመሪያውን ሙከራ እዚሁ እናድርገው። ማይኩን እዚህ መሀል ላይ እናንጠለጥላለን። ሰኞ ክፍሉ መተላለፍ አለበት። ልብሱን ከዚያ በኋላ ታወጡታላችሁ።»

አክስቷ ካፖርቱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ጩጬን አየቻት። «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ጤነኛ ነው?»

ቱ! ይባላል እንደዚህ ያለው ነገር። ጩጬም ማለት የነበረባት እሱን ነው። ያለችው ግን ሌላ ነው። ሦስት ዓመት የተዘጋ በር፣ የተመላለሰችበት የአለቃ ምሳ፣ በሌላ ሰው ስም የወጣ ጽሑፍ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ጉሮሮዋ ላይ መጣና «እሺ» አለች። «ሙከራውን ልሞክረው።»

ሰውየው ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ ወጣ። አክስቷ የካፖርቱን አቧራ ስታራግፍ ቆየች።

«ሰውዬው አይጥመኝም» አለች በመጨረሻ። «ግን ስንቱ ከማይጥመው ሰው ጋር እየሠራ ነው የሚኖረው? እህትሽስ ስንት ዓመት ኖረች? እኔ ግቢም አትግቢም አልልሽ።» ካፖርቱን መልሳ ሰቀለችው። «አንድ ነገር ግን አይገባኝም። እሷ ለምን ከለከለችሽ? እሷ እኮ ቅናት የሚባል አታውቅም፤ ጫማዋን እንኳ ለምኛት ከእግሯ አውልቃ ሰጥታኛለች።»

ጩጬ የታጠፉትን ልብሶች መልሳ መስቀል ጀመረች። ያችን የሳህን ማድረቂያ ቀን ለአክስቷ አልነገረቻትም።

በሰባተኛው፣ በለቅሶው የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በፊት ሽቦ ብቻውን መጣ። ትከሻው ላይ ጥቁር ቦርሳ ተሸክሟል። ሳሎን ያሉትን ሰዎች ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ካለ በኋላ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«እሱ ይመጣል፤ አንተ ቀድመህ አዘጋጅ ብሎኝ ነው» አለ ዓይኗን ሳያይ።

ጩጬ በሩን ዘጋችው። ሽቦ ቁምሳጥኑን ከፈተ፣ ማይኩንም ከነገመዱ አወጣ። የእትዬ ቀሚሶች መሀል እጁን ሰደደና እዚያው ቀረ። ቆይቶ እጁን መለሰ፣ ማይኩንም አልጋው ላይ አኖረው።

«አልቻልኩም» አለ። «አሥራ አምስት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ። ሽታዋ አለ እዚህ ውስጥ።»

ለጩጬ ወረቀቱን አቀበላትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ የባለጓንቷ ልጅ ይሞታል። ባለጓንቷ ጓንቷን አውልቃ ፊቱን ትዳስሳለች፤ ሦስት መስመር ትናገራለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች። ከሦስቱ መስመሮች በታች ዳይሬክተሩ በእስክሪብቶ ጽፏል፤ «እዚህ ጋ ልጅቷ እንዳትለፋ። ቁጥር ሁለት ይገባል።»

«ቁጥር ሁለት ምንድን ነው?»

ሽቦ ጆሮውን አከከ። ላፕቶፑን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አደረገና ማያውን ወደ እሷ አዞረላት። ረጅም ዝርዝር ነው። ወንድ፣ ሳል፣ ቁጥር አምስት። ሴት፣ ሳቅ፣ ቁጥር ሦስት። ሽማግሌ፣ ማንኮራፋት። ሕፃን፣ ስቅታ። የሰው ልጅ የሚያወጣው ድምፅ ሁሉ እንደ ሱቅ ዕቃ ተደርድሯል። ከታች፣ «ሴት፣ ለቅሶ፣ ቁጥር ሁለት» ይላል። ጎኑ ያለው ቀን እትዬ ከተቀበረች ሦስተኛው ቀን ነው።

«አላጠፋውማ» አለች።

«እሱ ምንም አያጠፋም። ከስልኩ ላይ እንኳ የሚያጠፋው ሲሞላበት ነው፤ መጀመሪያ ለእኔ ያሳልፈዋል። ይኼኛውን ሲያሳልፍልኝ ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ከላዩ አጥፍቶታል፤ ሌላ ቅጂ የለውም።»

«ቁጥር አንድስ?»

ሽቦ ዞር ብሎ በሩ መዘጋቱን አየ። ከሳሎን ብርጭቆ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

«ቁጥር አንድ እሷ ናት» አለ።

«ድራማው ላይ የምታለቅሰው?»

«ባለጓንቷ ስታለቅስ፣ ሌሎቹም ሴቶች ሲያለቅሱ። እህትሽ ስቱዲዮ ውስጥ አልቅሳ አታውቅም። እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ወረቀቷን አስቀምጣ ትወጣ ነበር። እኛ ቁጥር አንድን እናስገባለን።»

«የት ነው የተቀዳው?»

«አባታችሁ የሞቱ ጊዜ፣ እዚሁ ቤት። ያኔ ገና መቀጠሯ ነበር። እሱ ትንሽ መቅጃ በኪሱ ይዞ መጣ። እሷ አላወቀችም፤ ያወቀችው ከወራት በኋላ ነው፣ ለሌላ ሴትዮ ገብቶ ስትሰማው። ሰው ሁሉ ‘እንዴት ያለ ለቅሶ ነው!’ ሲል እሷ መሀላቸው ቁጭ ብላ የአባቷን ለቅሶ ታዳምጣለች።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ሽንት ቤት ገብታ አስታወከች። ከዚያ አፏን ተጉመጥምጣ መጥታ ቀጣዩን ገጽ አነበበች። እናትሽ ታመው ነበር፤ አንቺም ተማሪ ነበርሽ። ሄዳ የት ትገባለች?» ሽቦ ጣቶቹን አፍተለተለ። «እኔም አብሬ ዝም ብያለሁ። አስገባው ሲለኝ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመት።»

ጩጬ አጠገቡ ተቀመጠች። ግድግዳ ላይ ፊቷን አስደግፋ የቆመችው እትዬ መጣችባት። «እነሱ ፊት ዝም በይ።» ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ አስተማሪ ሌላ ሌላውን ሥራ ስትዘረዝር መጣችባት። እና እሷ፣ ሳህን ይዛ፣ «ትቀኛለሽ» ያለቻት እሷ! መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

«አሰማኝ» አለች።

«የቱን? የተቆረጠውን ነው ሙሉውን?»

«ሙሉ አለው እንዴ?»

«አለው። መጨረሻው ላይ የልጅ ድምፅ ይገባበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ እሱ ጋ ሳይደርስ እንቆርጠዋለን።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። መጀመሪያ የሰው ሁካታ ነበር፣ ወንበር ሲጎተት፣ የሆነ ሰው ሲያስል። ከዚያ እትዬ ጀመረች። ባለጓንቷ አይደለችም። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ «አባዬ፣ አባዬ» ብቻ ነው የምትለው። ጩጬ ይኼን ለቅሶ በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ስትሰማውም ሳህን ታጥብ ነበር፣ ጥፍሯን ትቀባ ነበር፣ አንዳንዴም ትስቅ ነበር። እየከረረ፣ እየከረረ ሄደ። ከዚያ ከመቅጃው አጠገብ፣ ጥርት ያለ ትንሽ ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ እኔም ላልቅስ?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ረጅም ትንፋሽ ተሳበ። አፍንጫ ተናፈጠ። ከዚያ እትዬ፣ ደህና ለመምሰል እየታገለች፣ «አይ ጩጬ» አለች። «አንቺ አታልቅሺ። እኔ ለሁለታችንም አለቅሳለሁ።»

እዚያ ላይ ያልቃል።

ጩጬ አላስታወሰችውም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ሲሞት የምታስታውሰው ብዙ ጫማ በር ላይ ተደርድሮ ማየቷን ብቻ ነው። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አወረደችው።

ሳሎን ውስጥ ወንበር ተንኮሻኮሸ፤ የዳይሬክተሩ ድምፅ መጣ። ሰው ሲያስነሱለት «ኧረ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ይላል። ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ላይ በጣቱ አንኳኳ። «እህ፣ ጀመራችሁ? የልብሱን በር እንዳትዘጉት!»

«ቁጥር ሁለትን አጥፋው» አለች ጩጬ ለሽቦ፣ ቀስ ብላ።

ሽቦ አንዴም አላቅማማም። ማያው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው፤ አዎ አለው። ከዝርዝሩ ውስጥ ጠፋች።

«ሥራውስ?» አላት በሹክሹክታ። «ዳግመኛ አይጠራሽም እኮ።»

«አውቃለሁ። ፈልጌው ነበር። አሁንም እፈልገዋለሁ፤ መፈለጌ ነው የሚያቅለሸልሸኝ።» ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በዝግ በር፣ «ጋሼ!» አለች።

«አቤት!»

«እርስዎ ገና ለቅሶ አልደረሱም። ሄደው ከሰው ጋር ይቀመጡ።»

የበሩ እጀታ ወደ ታች ዘንበል አለና ተመለሰ። ከዚያ የአክስቷ ድምፅ፣ «ኑ እንጂ፣ በዚህ በኩል ወንበር አለ፤ ስልክዎን ለእኔ ይስጡኝ፣ እይዝልዎታለሁ» ሲል ተሰማ። የሰውየው እግር እየተጎተተ ሄደ።

ሽቦ ጣቱ አሁንም ላፕቶፑ ላይ ነው። ቀስቱን ወደ ላይ አንቀሳቅሶ «ሴት፣ ለቅሶ፣ ቁጥር አንድ» ላይ አቆመው።

«የእሷንስ?» አላት። «እኔ መሰረዝ ብቻ ነው የምችለው፤ ወደ ሌላ የሚቀዳው በእሱ የይለፍ ቃል ነው። አሁን ካጠፋሁት ማንም ከየትም አያገኘውም። ሰኞ የሚያስገባው ያጣል። አንቺም ግን አታገኚውም። ላጥፋው?»

አጥፋው ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ትክክሉም እሱ ነው፤ እትዬም ብትኖር እሱን ነበር የምትለው። እትዬ ግን የለችም። በየቴሌቪዥኑ፣ በየማስታወቂያው፣ በየሬዲዮው የቀረው ድምፅዋ ሁሉ የሌላ ሴት ቃል ነው፤ እርግማን ነው፣ ሳሙና ነው፣ መርዝ ነው። እትዬ ራሷ፣ ለራሷ፣ በራሷ ቃል የተናገረችው በዓለም ላይ ይቺው ብቻ ቀርታለች። ባታስጠፋው እህቷን መልሳ ለእነሱ መስጠቷ ነው፤ ብታስጠፋው ሁለተኛ መቅበሯ ነው።

ሽቦ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

ጩጬ ማዳመጫውን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። በግራ እጇ ጫን አድርጋ ያዘችው። ቀኝ እጇን ወደ ሽቦ ዘርግታ አንድ ጣቷን አነሳችለት፤ ቆይ፣ አንዴ ብቻ ልስማውና።